የፅጌ ዶሮዎችና የእኔ ፍሪጅ

ፅጌን እንደ እኔ የሚያውቃት ሰው ሀዋሳ ታቦር ሰፈር ውስጥ የለም። ስድስት ዓመት ሙሉ በመካከላችን የነበረው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው፤ እሱም ቀዳዳ በቀዳዳ ነበር። ጠዋት ግቢዋን ስትጠርግ መዝሙር ታንጎራጉራለች፣ ዶሮዎቿን በሲዳምኛ ትቆጣለች፣ ልጇን በአማርኛ ትመክራለች። እኔ በዚህ በኩል ሻዬን ይዤ ተቀምጬ ሁሉንም እሰማለሁ። ዛሬ ሰፈሩ ስለ እሷ የሚያወራውን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ከዚያ መናደድ የሚገባኝ በማን ላይ እንደሆነ ትዝ ሲለኝ ዝም እላለሁ።

ግዛቸው እባላለሁ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው። የምጽፈው ግን ስለ ፅጌ ነው፤ እኔ በመሀል ብገባም በግድ ነው።

ፅጌ የአለታ ወንዶ ልጅ ናት። ሀዋሳ የመጣችው በአሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ እያጠበች ኖረች፤ ልብሷ ዓሣ ዓሣ ስለሚሸት ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ እንዳልነበረ ራሷ ነግራኛለች። ከዚያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥራ ሸሚዝ ላይ እጅጌ መግጠም ጀመረች። አራት ዓመት እጅጌ ብቻ። “ጋሼ፣ ኮሌታ እንዴት እንደሚሰፋ እስከ ዛሬ አላውቅም እኮ” እያለች ትስቅ ነበር። ባሏ ሥራ ፍለጋ ሞያሌ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ተቀነሰች። ሌላው በስንብት ብሩ ስልክ ሲገዛ እሷ አርባ ጫጩት ገዝታ በካርቶን፣ በባጃጅ ይዛ መጣች። ባጃጁ በሯ ላይ ሲቆም ጩኸታቸው እኔ ሳሎን ድረስ ተሰማ።

የዶሮ ቤቱን የሠራችው በገዛ እጇ ነው። የጣውላ ቁርጥራጭና ሽቦ ለቅማ፣ ሚስማር ከእኔ ተውሳ፣ ሦስት ቀን ስትመታ ዋለች። ሰጋቱራ ከአናጢ ቤት እየለመነች ታነጥፍላቸዋለች፤ መኖው ሲወደድባት ፉርሽካ ከጎመን ቅጠል ጋር ትቀላቅላለች። ጠዋት እነሱን ሳታይ ፊቷን አትታጠብም። ከአርባዎቹ ገሚሱ አለቀባት፤ አልቅሳ እንደገና ገዛች። በመጨረሻ ሃምሳ ሁለት እንቁላል ጣይ ዶሮ ነበራት። እንቁላሉ የቤት ኪራይ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል የደረሰችው የልጇ የኢየሩስ ደብተርና ጫማ ነው። “ጋሼ፣ እነሱ ካሉ ሀዋሳ አለሁ፤ ከሌሉ እህቴ ቤት ገጠር ልገባ ነው። ኢየሩስንስ እዚያ ምን አስተምራታለሁ?” ብላኛለች። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ ብላኛለች። ስለዚህ አላወቅሁም ማለት አልችልም።

የተጣላነው በጎመን ነው። ጡረተኛ ጎመኑን እንዴት እንደሚወድ የደረሰበት ያውቀዋል። በጥር ወር ዶሮዎቿ በአጥሩ ሥር ሾልከው ሁለት መደብ ችግኜን ነቅለው ጨረሱት። መጥታ ለመነችኝ፣ ሌላ ችግኝ ገዝታ አመጣችልኝ። እኔ ግን ነገር ከገባኝ አይወጣልኝም። ሠላሳ ዓመት የሰው ማመልከቻ ስመዘግብ የኖርኩት ሰውዬ ለራሴ አንድ ሁለት ገጽ ጽፌ ለቀበሌ አስገባሁ። ሽታውን ጻፍኩ፣ ዝንቡን ጻፍኩ፣ ሌሊት በአሥር ሰዓት የሚጮኸውን አውራ ዶሮ ጻፍኩ። ሰዎች መጥተው አዩና አውራውን ሽጪ፣ አጥሩን ድፈኚ፣ ሰጋቱራውን በየሳምንቱ ቀይሪ አሏት። ሁሉንም አደረገች። ጎረቤቱ ግን እኔን አኮረፈኝ። በተለይ የማዕዘኗ ባለሱቅ ጥሩወርቅ ዳቦ ስገዛ እንኳን ቀና ብላ አታየኝም ነበር። ፅጌ እሷን እንደ ታላቅ እህቷ ነበር የምታያት፤ “እትዬ” ስትላት አፏ ላይ ደስ ይላል።

አሁን ስለ መድኃኒቱ ልንገራችሁ። ፈንግል የሚባል የዶሮ በሽታ አለ። አንድ ግቢ ከገባ ጠራርጎ ነው የሚወጣው። መከላከያው በዓይናቸው ጠብ የሚደረግ ክትባት ሲሆን፣ አንዷ ብልቃጥ ለመቶ ዶሮ ትበቃለች። ከተከፈተች በዚያው ቀን ማለቅ አለባት፤ ለነገ ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ ፅጌ አንድ ልማድ አመጣች። በየሦስት ወሩ ዶሮ ያለው ጎረቤት ሁሉ አዋጥቶ አንድ ብልቃጥ ይገዛል፣ እሁድ ከሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያን የሄደውም ተመልሶ ሁሉም ቤቱ በሚገኝበት ሰዓት፣ ዶሮውን አቅፎ እሷ ግቢ ይመጣል። ጥሩወርቅ ሰባት ዶሮዎቿን በዘንቢል፣ ከጀርባ ያለችው ፋጡማ አምስቱን በነጠላ ጠቅልላ። ፅጌ አንድ በአንድ ጠብ ታደርጋለች። ከዚያ እንቁላል ተቀቅሎ ይበላል፣ ይሳቃል። ሰፈሩ እንደዚያ ቀን የሚዋደድበት ቀን አልነበረውም።

ችግሩ፣ መድኃኒቱ የሚሸጠው በሥራ ቀን ነው፤ እስከ እሁድ ደግሞ ቀዝቃዛ ቦታ መቆየት አለበት። የጥሩወርቅ ፍሪጅ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። በአካባቢው የሚሠራው የእኔ ብቻ ነው። ስለዚህ ፅጌ ከከሰስኳት በኋላም እንኳን አንድ ረቡዕ ብልቃጧን በረዶ ባለበት ፔርሙስ ይዛ በሬን አንኳኳች።

“ጋሼ፣ እስከ እሁድ ያስቀምጡልኝ። ከሞቀች ውሃ ናት፤ ምንም አትሠራም።”

“አስቀምጪው” አልኳት ፊቷን ሳላይ።

ሐሙስ ዕለት ይርጋለም ለቅሶ ተጠራሁና ሄድኩ። የተመለስኩት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ማብሪያውን ብጫነው ቤቱ ጨለማ። ጎረቤት ይበራል፣ እኔ ቤት የለም። የካርድ ቆጣሪዬ አልቋል፤ ከመሄዴ በፊት መሙላት ረስቼ ነበር። ፍሪጁን ስከፍት ሽታው ገፍትሮ አስወጣኝ። ሥጋው ሸቷል፣ ወተቱ ረግቷል። ብልቃጧን አንስቼ በመዳፌ ያዝኳት። እንደ ሰው እጅ ሞቃለች።

ሥጋውን ጣልኩ፣ ወተቱን ደፋሁ፣ ብልቃጧን ግን ወደ ቦታዋ መለስኳት። ካርድ ሞላሁ፣ ፍሪጁ መጮህ ጀመረ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ያኮረፈኝ ሰፈር ፊት “ረስቼ ነው” ማለት ሞት መሰለኝ። ክፋትም ነበረበት፤ ምን አገባኝ፣ የእሷ ዶሮ ለእኔ ምኔ ነው አልኩ። ደግሞ መድኃኒት እንደ ሥጋ አይበላሽም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

እሁድ ፅጌ መጣች። ብልቃጧን ጉንጯ ላይ አስጠግታ፣ “እንዴት ቀዝቅዛለች! እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፤ በእኔ ተቀይመው እንኳን አልጨከኑም” አለችኝ።

“አሜን” አልኩ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። በዚያ ቀን ከአጥሩ ማዶ ሳቃቸውን እየሰማሁ ቁጭ አልኩ። ፅጌ እያንዳንዷን ዶሮ “ነይ የእኔ እመቤት” እያለች ጠብ ታደርግላታለች። ተነስቼ ሁለት ቃል ብናገር ኖሮ ሰኞ ሌላ ብልቃጥ ይገዛ ነበር። አልተነሳሁም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ከገበያ የተገዛ አዲስ ዶሮ ፋጡማ ግቢ ታመመ ተባለ። በሁለተኛው ቀን የፋጡማ አምስቱም ሞቱ። ከዚያ የጥሩወርቅ ሰባት። ከዚያ ፅጌ ግቢ ገባ። ጠዋት ሻዬን ይዤ ስወጣ መዝሙሩ የለም። በቀዳዳው አየሁ፤ ሰጋቱራው ላይ ተንበርክካ አንገቷ የተጠማዘዘ ዶሮ ጭኗ ላይ ይዛለች። አፏን ከፍታ በማንኪያ ውሃ ልታጠጣት ትሞክራለች። ሌሎቹ ጥግ ጥግ ላይ ክንፋቸውን ጥለው ቆመዋል፤ ኩሳቸው አረንጓዴ ነው። ኢየሩስ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። “ሂጂ ትምህርትሽን፣ ሂጂ!” ብላ ጮኸችባት። ፅጌ ልጇ ላይ ስትጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ ዘሪሁን ተጠርቶ መጣ። ጎረቤቱም ተሰበሰበ፤ እኔም ሄድኩ፣ ባልሄድ ይታወቅብኛል ብዬ። ዘሪሁን ሁለት ሦስቱን አገላብጦ አየና፣ “ፈንግል ነው። አስከትባችሁ ነበር?” አለ።

“በእጄ ነው የከተብኳቸው፣ አንድ አልቀረኝም” አለች ፅጌ።

“እንግዲያው ክትባቱ ሞቶ ነው። የሆነ ቦታ ሞቋል።”

ሁሉም ፅጌን አየ። ፅጌ ወደ እኔ ዞረች። ለመክሰስ አልነበረም፤ እንድመሰክርላት ፈልጋ ነው። “ጋሼ ፍሪጅ ውስጥ ነበረች” አለች።

አሁን ሁሉም እኔን አየ። በሕይወቴ ሙሉ ውሸት የሌለበት ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነበር። “እሁድ ሳስረክብሽ ቀዝቃዛ አልነበረችም?” አልኳት።

“ነበረች” አለች ወዲያው። “ወንድሞቼ፣ ቀዝቃዛ ነበረች፤ እውነት ነው።”

እንግዲያው ጥፋቱ የእሷ ሆነ። አንዱ ፀሐይ ላይ አስቀምጣው ይሆናል አለ፤ ሌላው ጊዜው ያለፈበት ርካሽ መድኃኒት ገዝታ ነው አለ። ጥሩወርቅ ግን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ወርውራ፣ “በአዋጣነው ብር ውሃ አንጠባጥበሽ ዶሮዎቼን ፈጀሽ። እኔ እህቴ ብዬ!” አለችና ወጣች። ፅጌ “እትዬ! እትዬ ጥሩወርቅ!” እያለች እስከ በሩ ተከተለቻት። ከዚያ የምትይዘው ስታጣ የበሩን እንጨት ይዛ ቆመች።

ማክሰኞ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ፅጌ ናት፤ ቢላዋ ይዛለች። ዓይኗ አብጧል።

“ጋሼ፣ ወንድ የሚባል ሁሉ ሥራ ሄዷል። ይረዱልኝ።”

በእኛ አገር ሴት ዶሮ አታርድም። ባል የሌላት ሴት ቢላዋዋን ይዛ በር ላይ ወጥታ የሚያልፍ ወንድ ትለምናለች እንጂ በራሷ እጅ አትሞክረውም። ከሃምሳ ሁለቱ ቆመው የሚበሉት አሥራ አንድ ብቻ ነበሩ። ከእነሱ ሰባቱን ለይታለች። “ለእትዬ ነው። በሰባቷ ምትክ ሰባት። ሳይሞቱብኝ፣ በክት ሳይሆኑ ልስጣት። ሌላ የምሰጣት የለኝም” አለችኝ።

አረድኩ። እሷ ክንፍና እግሩን ትይዛለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ “በኢየሱስ ስም” ትላለች፤ እኔ “በስመ አብ” እላለሁ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛዋን ስታቀብለኝ፣ “እኔ እኮ ጋሼ፣ ሳስበው ከእርስዎ ቤት እስከ እኔ ግቢ ስሮጥ መዳፌ ነው ያሞቃት። በፔርሙስ መያዝ ነበረብኝ። በገዛ መዳፌ ነው የፈጀኋቸው” አለች።

ያን አልቻልኩም። “ፅጌ፣ መዳፍሽ አይደለም” አልኳት። “እኔ ዘንድ ነው የሞቀችው። ለቅሶ ሄጄ ካርዱ አልቆ ነበር። ቅዳሜ ስመጣ ሞቃ አገኘኋት።”

“እሁድ ቀዝቃዛ ነበረች።”

“ቅዳሜ ካርድ ሞላሁ።”

ዶሮዋን እንደያዘች ቆመች። ቢላዋው እጄ ላይ ነው። እንድትሰድበኝ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልሰደበችኝም። ዶሮዋን ወደ እኔ ዘረጋችና “ይቀጥሉ” አለች። ሰባቱንም አንድ በአንድ አቀበለችኝ። ሲያልቁ እጇን በአመድ እየፈተገች፣ “ለምን አልነገሩኝም አልልዎትም። እነሱም ከሞቱ ሞቱ። አንድ ነገር ብቻ፤ ለእትዬ ጥሩወርቅ ይንገሩልኝ። ፅጌ ውሃ አልሰጠችሽም ይበሏት። እሷ ካመነችኝ ሌላው ይቅርብኝ፤ ከእሷ ጋር ሆኜ ከአንድ ጫጩትም ቢሆን እጀምራለሁ” አለችኝ።

“እነግራታለሁ።”

“ዛሬ?”

“አሁን።”

በእውነት አሁን ብዬ ነው የወጣሁት። ሱቁ ድረስ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም፤ የምናገረውን በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ለራሴ አልኩት። ጥሩወርቅ ገና ስታየኝ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጣች፣ በርጩማ አቀረበችልኝ። ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማለት ነው።

“ጋሽ ግዛቸው፣ ይቅር ይበሉን” አለችኝ። “ያኔ ሲከሷት ክፉ አልንዎት። እርስዎ አስቀድመው አውቀዋት ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ዛሬ የሚያወራው ይህንኑ ነው።”

አፌን ከፈትኩ። ምን ያህል እንደናፈቀኝ አላወቅሁም ነበር፤ ያ በርጩማ፣ ያ “ጋሽ ግዛቸው”። ሦስት ወር ሰው ሰላም ሳይለኝ ነው የኖርኩት። “ምንም አይደለም፣ የሰው ነገር” አልኩና ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ። ከሰዓት እነግራታለሁ ብዬ ነበር።

ከሰዓት ኢየሩስ ሰባቱን ዶሮ ገንፍላ፣ ብልት በብልት አውጥታ፣ በሳፋ ሸፍና ይዛ ሄደች። በአሥር ደቂቃ ተመለሰች፤ ሳፋውም እንደተሸፈነ ነው። ልጅቱ መሬት አስቀምጣው ቤት ገባች። ትንሽ ቆይቶ ፅጌ በቀዳዳው በኩል ጠራችኝ።

“ጋሼ፣ ነገሯት?”

ሳፋው መመለሱን አይቻለሁ። አልነገርኳትም ብል መልሳ ትልከኛለች። በርጩማው ትዝ አለኝ።

“ነገርኳት።”

“ሁሉን? የካርዱንም?”

“ሁሉን።”

ቆርቆሮውን በጣቶቿ ያዘች። ከዚያ፣ “አውቃ ነው እንግዲህ የመለሰችልኝ” አለች። “በዶሮዎቹ አይደለማ። እኔኑ ነው የጠላችኝ።” በቀዳዳው የሚታየኝ የጣቶቿ ጫፍ ብቻ ነበር። “እንኳን ነገሩልኝ ጋሼ። አሁን ልቤ ቆረጠ።”

የቀሩት አራቱም እስከ ዓርብ ሞቱ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ባጃጅ መጣ፤ ፍራሽ፣ ሁለት ሻንጣ፣ የኢየሩስ የደብተር ቦርሳ። ለእኔ እጇን ዘርግታ “ደህና ይሁኑ” አለችኝ፤ ጨበጥኳት። ባጃጁ በሱቁ በኩል ሲያልፍ ፅጌ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች። ጥሩወርቅ ስኳር እየመዘነች ነበር፤ ማንኪያውን እንደያዘች ወጥታ መንገዱ መሀል ቆመች፣ ባጃጁ እስኪታጠፍ አየችው።

ሰኞ ዳቦ ልገዛ ስሄድ ዓይኗ ቀልቶ አገኘኋት። “ስድስት ዓመት!” አለችኝ። “ተቆጣሁ፣ ተናገርኩ፤ ሰው ተቆጥቶ ይቀራል? ሁለት ቀን ብትታገሰኝ እኔው ነበርኩ የምሄድላት። ደህና ሁኚ እንኳን ሳትለኝ ሄደች። ምን አድርጌያት ነው ጋሽ ግዛቸው? እርስዎ ያውቋታል፣ ይንገሩኝ እስቲ።”

ሱቁ ውስጥ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም።

“እንዲህ ናት እንግዲህ” አልኳትና ዳቦዬንና የብሬን መልስ ተቀብዬ ወጣሁ።